ኩፋሌ የማይፈቅደው ዲየታ

ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ዲየታ የሚሞትበት ሰዓት የታወቀ ነው፤ ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ ሱቁ በሩን መዝጋት ሲጀምር፣ አውቶቡስ ሲጠፋ። ዓሚሻቭ ወይም ዮሴፍታል ሰፈር ሄዶ አሳንሰር የሌለውን አሮጌ ሕንፃ በእግሩ የወጣ ሰው የምለው ይገባዋል። በየፎቁ የየአገሩ ሽታ አለ። የእኛ ፎቅ ሲደረስ ግን የቀረው ሽታ ሁሉ እጁን ይሰጣል። ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ውኃው እስኪመጥ ይታመሳል፣ ዘይት ይከተላል፣ በርበሬው ሲገባበት ደግሞ ደረጃው ላይ የተገኘ ሕዝብ ሁሉ ባንድነት ያስነጥሳል። በእኛ ሕንፃ "ሻባት ሻሎም" የምንባባለው በሁለት ማስነጠስ መካከል ነው።

ኪሴ ውስጥ ደግሞ አንድ ወረቀት አለ። ከኩፓት ሆሊም (ከጤና መድን ክሊኒካችን) ዲየታኒት፣ ከምግብ ባለሙያዋ፣ የተሰጠኝ ነው። ጠዋት 5 በመቶ ቅባት ያለው ኮቴጅ አይብ፣ ሁለት ስስ ቁራጭ ቀላል ዳቦ፣ ኪያር የፈለጉትን ያህል። ("የፈለጉትን ያህል" የሚለው ቸርነት ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ኪያር አምሮት ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ሰው እስካሁን አልሰማሁም።) ምሳ ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ፣ መዳፍ የምታህል። ማታ ሰላጣ ከአንድ ማንኪያ ዘይት ጋር። ዲየታኒቷ ደግ ሴት ናት፤ አትቆጣም፣ ሚዛን ላይ ስወጣ እንኳ ቁጥሩን ጮክ ብላ አታነብም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ግን ወረቀቷ ንቅንቅ አይልም። "ለሰንበትስ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ሆድ ቀን አይለይም" አለችኝ፤ "ቅዳሜም እንደ ማክሰኞ ነው።"

ይህን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ለአክስቴ አደረስኩላቸው።

"ምን አለችህ?"

"ቅዳሜም እንደ ማክሰኞ ነው።"

አክስቴ ማማሰያውን ድስቱ አፍ ላይ አጋደሙት። ጎንደር፣ አምቦበር ያደጉ ሴት ናቸው፤ ሰንበት ለእሳቸው የቀን ስም ብቻ አይደለችም። ትእዛዘ ሰንበት የሚባለው የቤተ እስራኤል መጽሐፍ ሰንበትን እንደ ንግሥት፣ በአምላክ ፊት ቆማ ለሰው እንደምትማልድ እመቤት አድርጎ ነው የሚተርካት። ንግሥት ቤትህ ስትገባ ኮቴጅና ኪያር ታቀርብላታለህ ወይ ነው የአክስቴ ጥያቄ። "ደግሞም" አሉ፣ "በሰንበት መጦም ክልክል ነው። ቄሶቹን ጠይቅ።"

ቄሶቹን ከማስቸግር ብዬ መጽሐፉን ገለጥኩት። ኩፋሌ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ፣ 50ኛው። በዚያች ቀን መብላት፣ መጠጣትና መጥገብ ለእስራኤል የተሰጠ ክብር መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል። ከዚያ በሰንበት ቢሠሩ ሞት የሚያስፈርዱትን ይዘረዝራል፤ እርሻ ማረስ፣ መንገድ መሄድ፣ እሳት ማንደድ፣ ከብት ማረድ። መጨረሻው ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የሚጦምና ጦርነት የሚገጥም። በኩፋሌ ዓይን ቅዳሜ ጠዋት በኪያር የሚውል ሰው ጦር ከሚያዘምት ንጉሥ እምብዛም አይሻልም ማለት ነው።

"ዲየታ እኮ ጦም አይደለም" ብዬ ልከራከር ሞከርኩ።

"እስቲ አንብብልኝ" አሉ ወረቀቱን በአገጫቸው እያመለከቱ። አነበብኩላቸው፤ ኮቴጁን፣ ኪያሩን፣ መዳፍ የምታህለዋን ዶሮ።

"ታዲያ ጦም ምን ይመስልሃል?"

በዚህ መሐል የእህቴ ልጅ ገባ። ጂም የሚውል ልጅ ነው፤ ክንዱ የእኔን ጭን ያህላል። ስድስት ቀን እየመዘነ ይበላና በሰባተኛው ቀን አንድ ማዕድ ያሻውን ይበላል፤ ቺት ሚል ይለዋል። እሱ እንደሚለው ሰውነት ምግብ ሲቀነስበት ይሰስታል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን አጥግቦ ማታለል ሳይንስ ነው። ማስረጃም አለው። ሮክ የሚባለውን አሜሪካዊ ተዋናይ ድዌይን ጆንሰንን፣ በቺት ሚል ቀኑ ፓንኬክ ፊቱ ተከምሮ፣ ልጁ በስልኩ አሳየን። አክስቴ ስልኩን ራቅ አድርገው ፎቶውን በደንብ አዩት።

"ይኼ ልጅ እናት የለውም?" አሉ። "ብቻውን ነው እንዴ የሚበላው?"

ልጁ ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም የሚናገረው። ሌፕቲን የሚባል፣ ከስባችን የሚወጣና ስንቅ መኖሩን ለአንጎል የሚያስታውቅ ሆርሞን በ1994 ተገኝቷል። ሰው ምግብ ሲቀንስ ሌፕቲኑ ይወርዳል፣ ረሃቡ ይብሳል። እስከዚህ እውነት ነው። አንድ ቀን ጠግቦ ቢበላ ግን የሚያገኘው ለጊዜው ነው፤ ዲየታው ሲቀጥል ሆርሞኑም ተመልሶ ይወርዳል። "አውስትራሊያ ውስጥ ተጠንቷል!" የሚለውም ውሸት አይደለም። በ2017 የወጣ የታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት 51 ወፍራም ወንዶችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን 16 ሳምንት ሳያቋርጡ ምግብ አስቀነሳቸው፤ ሌሎቹን ሁለት ሳምንት እያስቀነሰ ሁለት ሳምንት አሳረፋቸው። የሚያርፉት የበለጠ ከሱ። የእህቴ ልጅ የሚዘላት አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ ሰዎቹ በዕረፍታቸው ሳምንታት የሚበሉት ክብደታቸው ባለበት እንዲቆም ያህል ተመጥኖ ነው እንጂ ድግስ አልተደገሰላቸውም። ዶሮ ወጥ አልነበረም። "በሞቴ" የሚልም አልነበረም።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ያስቀመጠችልኝ ዲየታኒቷ ናት። በቀን 500 ካሎሪ ብቀንስ በስድስት ቀን 3,000 ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኪያር ያኘኩበት ደመወዝ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ አለው። አክስቴ ደግሞ ዘይት በማንኪያ አይለኩም፤ ጠርሙሱን ዘቅዝቀው "እስኪበቃው" ይላሉ፤ ሽንኩርት መቼ እንደሚበቃው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሥጋና ወተት ስለማይቀላቀል ዶሯችን ላይ ቅቤ አይገባም፤ የቅቤው ድርሻም ለዘይቱ ተሰጥቷል።

የቺት ሚል ነገር እንዲህ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ሰውየው ስድስት ቀን ተሽሮ ከርሞ ቅዳሜ ሲሾም፣ ሹመቱ ማታ እንደሚያበቃ ስለሚያውቅ፣ የሚበላው ለዛሬ ብቻ አይደለም፤ ላለፈው ሳምንትም ለሚመጣውም ነው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በ1944 እና በ1945 በ36 ፈቃደኛ ወጣቶች ላይ በተደረገው የረሃብ ሙከራ የታየው ይኸው ነው፤ ወራት በጎደለ ምግብ ከቆዩ በኋላ ገበታው ሲፈቀድላቸው እስኪያማቸው ድረስ በልተው ገና ርቦናል የሚሉ ነበሩ። እነሱ ተርበው ነው። እኔን በስድስት ቀን ኮቴጅ እንደዚያ ያደረገኝ ምን እንደሆነ ግን ሳይንስ ይመርምረው።

ደግሞስ ሮክ ዕቅድ የሚሠራለት የራሱ አፍ ስላለው ነው። እኛ ቤት የሰው አፍ የራሱ አይደለም። ዓርብ ማታ ገበታ ላይ ወደ ጎን ዞር ስትል አንድ እጅ ፊትህ ተዘርግቷል፤ እንጀራው ተጠቅልሎ፣ መረቁ በጣት መሐል እየተንጠባጠበ፣ ውስጡ የእንቁላል ግማሽ ተደብቆ። "በቃኝ" ትላለህ። "በሞቴ!" ትባላለህ። በሞት ከተማለ በኋላ ካሎሪ አይቆጠርም። ትጎርሳለህ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ይከተላል። አክስት ሁለት ካጎረሱ ባለቤትህ "የእኔስ?" ትላለች። ዲየታኒቷ በሰጠችኝ ደብተር ላይ የበላሁትን የምጽፍበት ዓምድ አለ፤ ሰዎች ያጎረሱኝን የምጽፍበት ግን የለም። ስልኬ ላይ ያለው ካሎሪ ቆጣሪም ፒዛን በቁራጭ፣ ሻዋርማን በላፋ ያውቃል፤ ጉርሻ ስለው ዝም ይላል። አልፈርድበትም። ያጎረሰው ሰው ማን መሆኑ ሳይታወቅ የጉርሻ ካሎሪ እንዴት ይሰላል? የአክስቴና የባለቤቴ ጉርሻ መጠኑ አንድ አይደለም። የባለቤቴን ማነስ ከፍቅር ጉድለት የሚቆጥሩ ዘመዶች አሉ፤ እኔ ከርኅራኄ ነው የምለው።

መቅጠን ራሱ በእኛ ዘንድ መቼ ክብር ሆኖ ያውቃል? "ወፈርክ፣ አማረብህ" ምርቃት ነው። "ምነው ከሳህ?" ደግሞ ምርመራ ነው፤ አስከትሎ "ሚስትህ አታበላህም እንዴ?" የሚል ምርመራ። ኩፓት ሆሊም ውስጥ ኪሎ ቀነስክ ተብዬ ተመስግኜ በወጣሁበት ሰሞን ልቅሶ ቤት የተገናኘን የሩቅ ዘመድ ክንዴን ለቀም አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምን አገኘህ?" ብሎኛል። ባንድ ገላ ላይ ሁለት ፍርድ።

ስንመጣ ቀጫጮች ነበርን። በግንቦት 1983፣ በፈረንጆቹ 1991፣ በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሲጓጓዝ፣ ወንበሮቹ የተነቀሉለት አንድ የኤል አል ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ተነሥቷል። ባንድ አውሮፕላን ያን ያህል ሰው ጭኖ በመብረር ሪከርድ ሆኖ ተመዝግቧል። ሕፃናቱም ብዙ ነበሩ፣ ሻንጣም አልነበረም፤ ቢሆንም ያንኑ ሕዝብ ዛሬ ከነልብሱ በዚያው ጃምቦ እንጫን ቢባል መንኮራኩሩ መሬት የሚለቅ አይመስለኝም።

ሳቁ እዚህ ላይ ትንሽ ይቁም። ሐኪሞቹ የዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ በመጣው ሰው ላይ የስኳር በሽታ ፈልገው የለም በሚባል ደረጃ ነበር ያገኙት። ጥቂት ዓመታት እዚህ ከኖረ በኋላ ግን በሽታው ተስፋፋ፤ ያውም ሌላው እስራኤላዊ በማይታመምበት ክብደት፣ ገና ብዙ ሳይወፍር። ለዚህ ነው በ1998 ሐዴራ ባለው የሂሌል ያፌ ሆስፒታል አካባቢ ጠነ ብሪኡት የተባለው ድርጅት የተቋቋመው፤ ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ስለ ስኳርና ስለ ምግብ በራሱ ቋንቋ እንዲያስተምር። ስለዚህ ዲየታኒቷ እንዲሁ ልታስርበኝ ብላ አይደለም ወረቀቱን የጻፈችው። አክስቴም ስኳር አለባቸው። መለኪያዋ ማሽን ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጠርሙስ አጠገብ ተቀምጣለች። ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ወጋ ያደርጉና ቁጥሩን ለእኔ ያሳዩኛል፤ "ከትላንቱ ይሻላል" ይላሉ፤ ቡናቸውንም ያለ ስኳር ይጠጣሉ። በዚያችው ጣት ዓርብ ማታ ያጎርሱኛል።

የሚገርመኝ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አምቦበርም ሰንበት ነበረች። ኩፋሌም ያው ኩፋሌ ነው፤ ጠግቦ መብላትም ታዟል። ስኳር ግን አልነበረም። "እንዴት ነበር?" ብዬ ስጠይቃቸው አክስቴ እንዲህ ይተርኩታል። ዓርብ ውኃው ይቀዳል፣ ወንዝ ተወርዶ ገላ ይታጠባል፣ ዳቦው ይጋገራል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። ቅዳሜ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል። የሚበላው ግን ትላንት የበሰለ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው። የሚያሞቀው የለም። የረጋ ወጥ አንዴ ከጠገቡ በኋላ ደግሞ አይጠራም። ዶሮም ቢሆን በየሳምንቱ የት ተገኝቶ! ሹሮ ነው፣ ምስር ነው። በማግስቱ እርሻ አለ፣ እንጨት አለ፣ እንስራ ተሸክሞ የሚወጣ ዳገት አለ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ አንዱ ጦም ብቅ ይላል። ያኔ የነበረው ሰው ከእኔ የበለጠ ራሱን የሚገዛ አይመስለኝም። "ይበቃሃል" የሚሉት ሌሎች ነበሩ፤ የጠፋው እሳት፣ ባዶው ጎታ፣ ዳገቱ።

እዚህ ፕላታ አለ። ለማያውቀው ሰው፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የብረት ጠፍጣፋ ነው። ዓርብ ሻማ ሳይበራ ይሰካል፣ እስከ ሞጻኤ ሻባት፣ ሰንበት እስክትወጣ፣ አይነቀልም፤ እሳት የነካ ሳይኖር ምግቡ እንደሞቀ ይቆያል። ሰንበትን አክብሮ ትኩስ ለመብላት የተፈለሰፈ ዕቃ ነውና ቅሬታ የለኝም። ግን ሰው ለማወፈር ብቻ ተብሎ ዕቃ ይሠራ ቢባል ከፕላታ የተሻለ ይገኛል ብዬ አላምንም። ዓርብ ማታ ራት ይበላል። ሌሊት ውኃ ልጠጣ ብለህ ትነሣለህ፣ ክዳኑን "ደህና ነው ወይ" ብለህ ከፈት ታደርጋለህ፤ ደህንነቱ የሚታወቀው ሲቀመስ ነው። ጠዋት ከምኩራብ ተመልሰህ የእንጀራ ጥግ ቆርሰህ መረቁን ጠቀስ። ከዚያ ምሳ፤ ይኼ በሕግ ነው። ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፍ ስትነሣ ብቻዋን የቀረች እንቁላል ታሳዝንሃለች። ማታ ፕላታው ሊነቀል ሲል "እንዳይበላሽ" የሚባል ጸሎት አለ። የእህቴ ልጅ ቺት ሚል አንድ ማዕድ ነው፤ የእኛው ፀሐይ ጠልቃ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው።

እውነቱን ለመናገር አንድ አጥር አሁንም ቆሟል። ዶሮ የበላ ሰው ወተት ያለበትን ለመንካት ሰዓታት ይጠብቃል፤ ብዙዎች ስድስት ሰዓት። ቸኮላቱንም ሚልኪ የሚባለውን ክሬም ያለበትን ፑዲንግም የሚሠራው ሽትራውስ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ፔታህ ቲክቫ ነው፤ ኩባንያውን በዚህ በኩል የሚያስቆመው ኦሪት ብቻ ነው። መንግሥትም ሞክሯል። ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም የጠገበ (ሳቹሬትድ) ቅባት የበዛበት የታሸገ ምግብ ቀይ ክብ ምልክት ይለጠፍበታል። በ2022 ደግሞ በጣፋጭ መጠጥ ላይ ግብር ተጣለ፤ በ2023 ተነሣ። ቀዩን ምልክት ለአክስቴ ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰሙኝና ድስቱን ከፍተው አሳዩኝ። "ይኼም ቀይ ነው" አሉ። "ቀይ ካልሆነማ ምኑን ወጥ ሆነ?"

እንግዲህ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ? እኔ ይፈቀድ ባይ ነኝ። የዓርቡ ራት ይፈቀድ፤ ተባርኮ፣ ተቀምጦ፣ ከሰው ጋር፣ ጉርሻው ሳይቀር። ሰው ለመክሳት ብሎ ከዘመድ ማዕድ ከተነሣ የከሳው ሌላ ነገር ነው። ዲየታኒቷ "ቅዳሜ እንደ ማክሰኞ ነው" ስትል የተሳሳተችው ስለ ቅዳሜ አይመስለኝም። ማክሰኞን አላየችውም። ማክሰኞ ሥራ ቦታ የአንዱ ልደት ነው፣ ቡሬካስ የሚባለው ቅባታም መጋገሪያ በትሪ ይመጣል። ረቡዕ አንዷ ልጅ ተገላግላለች፣ ኬክ አለ። ሐሙስ ማንም ምንም አላደረገም፤ ግን የተረፈው ኬክ አለ። ማታ ሕፃኑ የተወውን የለውዝ መክሰስ፣ ባምባውን፣ ሰው ቆሞ፣ በጨለማ፣ ማቀዝቀዣ ተደግፎ ይጨርሳል፤ ይህን ማንም አያጎርሰውም፣ ማንም "በሞቴ" አላለውም፣ ደብተሩም ላይ አይጻፍም። ቅዳሜ ማክሰኞ አልሆነም፤ ማክሰኞ ነው ቅዳሜ የሆነው። ኩፋሌም ቢሆን ጥገብ ያለው ለአንድ ቀን ነው፤ ለስድስቱ ያዘዘው ሥራ ነው።

በበዓላችን በስግድ ዕለትም ያየሁት ይኸው ነው። በሕዳር ገደማ፣ ከዮም ኪፑር በ50ኛው ቀን፣ ከፔታህ ቲክቫ በአውቶቡስ ተጭነን ኢየሩሳሌም አርሞን ሐናጺቭ እንወጣለን፤ የቄሶቹ ጸሎት እስኪያልቅ ከእህል ውኃ ተከልክለን እንቆማለን፣ ከዚያ ዳቦው ይቆረሳል። በመልሱ ጉዞ አውቶቡሱ ውስጥ የፎይል ወረቀት ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ዝናብ የመጣ ያስመስላል። ያን የመሰለ አበላል ሌላ ቀን አላየሁም፤ በማግስቱ ግን ማንም ሚዛን ላይ ወጥቶ አያለቅስም።

ሚዛን ካነሣን ዘንድ፣ እሑድ ጠዋት ላይ አትውጡ። እዚህ አገር ሳምንቱ እሑድ ስለሚጀምር ዲየታም "ከእሑድ ጀምሮ" ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ እሑድ ጠዋት ሚዛን ላይ ቆሞ ያዝናል። ባንድ ሰንበት የተጨመረው ኪሎ አብዛኛው ስብ አይደለም። ሰውነት ከእንጀራና ከዳቦ የሚያስቀምጠው እያንዳንዱ ግራም ስታርች ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ ጨውም የራሱን ውኃ ይይዛል። ረቡዕ ሲደርስ ይወጣል። ይህን ሳያውቅ ስንቱ እሑድ ተስፋ ቆርጦ ሰኞ ቡሬካስ ገዝቷል! አንድ ጊዜ መሸነፍ መጨረሻ አይደለም፤ ከተማችን ራሷ እኮ በ1878 ስትቆረቆር መሥራቾቿን ወባ አባርሯቸው ነበር፤ ጥቂት ዓመት ቆይተው ተመልሰው እንደገና ጀመሩ።

የቀረው የፕላታው ጉዳይ ነበር። ራሴን አላምነውም፤ ድስቱ እዚያ እስካለ ድረስ እኔም እዚያ ነኝ። ስለዚህ ለአክስቴ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ሰንበት ሳይገባ ለራት የሚበቃንን አስቀርተን የቀረውን ለጎረቤት እናካፍል። ዲየታ ብል ኖሮ ባልሰሙኝ ነበር፤ ጽድቅ ብዬ ጀመርኩ። ደስ አላቸው። ዓርብ ዕለት በሦስት ባለ ክዳን ሰሃኖች ሞልተው ላኩኝ፤ ምድር ቤት ላሉት ከሞሮኮ ለመጡት አሮጊት፣ አንደኛ ፎቅ ለቡኻራዎቹ፣ ሁለተኛ ፎቅ ሸዓሪያ ሰፈር ላደገችው የመናዊት። (ለማካፈል ተብሎ ድስቱ በአንድ ቁጥር ከፍ ማለቱን ያየሁት ስመለስ ነው።) ያም ሆኖ ራት ተበልቶ ሲያበቃ ፕላታው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ሌሊት ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ፤ ውኃ ጠጥቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የሞሮኮዋ አሮጊት ናቸው፤ ሰሃናችንን ይዘዋል፣ ውስጡ በቀይ በርበሬ የተሠራ ዓሣ አለ። ትንሽ ቆይቶ የቡኻራዎቹ ልጅ መጣ፤ ሩዝ ከካሮትና ከሥጋ ጋር፣ ክዳኑ አልገጠም ብሎ። በመጨረሻ የመናዊቷ መጣች፤ ሌሊቱን ሲበስል ያደረ ጀህኑን የሚባል ጥቅል ሊጥ፣ ቡናማ ሆኖ በቅባት የሚያብለጨልጭ፣ ከነእንቁላሉና ከተፈቀፈቀው ቲማቲም ጋር።

"የሰው ሰሃን ባዶ አይመለስም" አለችኝ። "እናንተም ዘንድ እንደዚያ ነው አሉ፤ አክስትህ ነግረውኛል።"

ከኋላዬ የአክስቴ ድምፅ መጣ። "ምን ቆመህ ታየዋለህ? ፕላታው ባዶ ነው፣ እዚያ አስቀምጠው።"